የእጅ ሥራ ለገበያ ሲወጣ ምን ይለወጣል?

ሰው ለራሱ ደስታ ሲል ይሠራው የነበረውን የእጅ ሥራ ለሌላ ሰው በዋጋ መሥራት ሲጀምር ከሥራው ላይ የሚጎድል ነገር አለን? ወይስ የሚጨመር? ጥያቄው ሥራ የፈታ ፈላስፋ የሚጫወትበት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ባለፈው የዒድ አል ፊጥር በዓል ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ከተማ፣ አክስቴ ቤት የገጠመኝ ነገር ጥያቄው በየቤታችን ደጃፍ የቆመ መሆኑን አስገንዝቦኛል። ከአንባብያን ጋር ልወያይበት የፈለግሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አክስቴ አንዲት ሴት ልጅ አሏት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከተመረቀች ዓመታት ቢቆጠሩም በተማረችበት ሙያ ሥራ አልተገኘላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ግን መርፌና ክር ከእጇ አይለይም። የሻርፕ ጠርዝ፣ የትራስ ልብስ፣ የእናቷ የሶላት ልብስ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትጠልፋለች። ያዘዛት የለም፤ የከፈላትም የለም። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ሙሽራ የኒካህ ቀሚስ በስጦታ ጠለፈችላት። ቀሚሱን ያዩ ሴቶች «ለእኔም» ማለት ጀመሩ። ዛሬ የሥራዋን ፎቶግራፍ በቴሌግራም እየላከች ከስማዳዋ ወገዳ፣ ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ ከደብረ ታቦር፣ አልፎ አልፎም ከአዲስ አበባ ትዕዛዝ ትቀበላለች። ለእያንዳንዷ እንደ ቁመቷ፣ እንደ ወደደችው ቀለምና እንደ መረጠችው ንድፍ ትሠራለች እንጂ አንድ ዓይነት ቀሚስ ደርድራ አትሸጥም።

እኔም ለታናሽ እህቴ ኒካህ የሚሆን ቀሚስ ላዝዝ አሰብኩ። ዋጋውን ስትነግረኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ። «በትርፍ ጊዜሽ ለምትሠሪው ነገር ይህን ያህል?» አልኳት። ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣ «ጋሼ፣ ትርፍ ጊዜ የነበረው ለራሴ ስጠልፍ ነው፤ የእርስዎን ስጠልፍ ግን ጊዜው የእርስዎ ነው» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ያን ዕለት ማታ ደግሞ የእርሷ ተራ ሆነ። ለሸዋል ወር ሠርጎች ዘጠኝ ቀሚሶች ለማድረስ ቃል ገብታ፣ ከሁሉም ቀብድ ተቀብላ፣ የጨረሰችው አምስቱን ብቻ ነበር። የቀሩት ባለቤቶች ስልክ እየደወሉ ነው። ከቀብዱ የተወሰነው ለክርና ለጨርቅ፣ የተወሰነው ለቤት አስቤዛ ወጥቷል። ልጅቱ አለቀሰች። አክስቴ አልተቆጧትም። «ልጄ፣ ለራስሽ ስትጠልፊ ስህተቱ የራስሽ ነበር። የሰው ስትጠልፊ ስህተቱም በሰው ላይ ይደርሳል» ብቻ አሏት።

እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጥፋቶች ተፈጸሙ። አንደኛው የእኔ የአዛዡ ጥፋት ነው፤ ንቀት። ሁለተኛው የእርሷ የሠሪዋ ጥፋት ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ቃል። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ስህተት ነው። ሁለታችንም ሥራው ከትርፍ ጊዜ ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር መለወጡን በልባችን አልተቀበልንም ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲነገር ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ ለነፍስ ደስታ የሚሠራ ነገር ዋጋ ሲወጣለት ይረክሳል፤ ገንዘብ የገባበት ጥበብ ከሸቀጥ አይለይም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ያልተሸጠ ሥራ ሥራ አይደለም፤ ዋጋውን የሚነግረን ገበያው ብቻ ነው ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ገንዘቡን አብዝተው ስለተመለከቱ ዋናውን ነገር ስተዋል። የእጅ ሥራ ለገበያ ሲወጣ በመሠረቱ የሚለወጠው የገንዘቡ ጉዳይ አይደለም። የሚለወጠው ሥራው ከሌላ ሰው ጋር የሚታሰር ቃል፣ ማለትም አማና መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ የመርከሱን ነገር እንመልከት። በእስልምና አስተምህሮ በእጅ ሠርቶ መብላት የሚያሳፍር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ከሚበላው ሁሉ በእጁ ሠርቶ ያገኘው የሚበልጥ መሆኑን ሲያስተምሩ የነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ.) ምሳሌ ጠቅሰዋል። ዳውድ ንጉሥ ነበሩ፤ ያም ሆኖ የሚበሉት ከእጃቸው ሥራ ነበር። ነቢዩ ዘከሪያም (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተነግሯል። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ ውስጥ ብረት ለዳውድ እንደተገራላቸው ሲያወሳ፣ የጥሩር ልብስ እንዲሠሩና የሰንሰለቱንም ቀለበት እንዲመጥኑ መታዘዛቸውን ይነግረናል። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን መመጠን የምትባል ነገር አስተውላት። ቀለበቱ ቢሰፋ ጦር ያሳልፋል፤ ቢጠብ ለባሹን ያስጨንቃል። ልክን መጠበቅ ጥሩሩን ለብሶ ለሚዋጋው ሰው ሕይወት መጠንቀቅ ነው።

ታዲያ የእጅ ሥራ በሃይማኖታችን ይህን ያህል ክብር ካለው እኔ ለምን ሳቅሁ? ሳቁ የእኔ ብቻ አልነበረም። ከኋላው የብዙ ዘመን ንቀት አለ። በአማርኛ ጥበብ ማለት ዕውቀት ነው፤ በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ጌጥም ጥበብ ይባላል። ጠቢብ ማለት አዋቂ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው ጠይብ ግን ስድብ ሆኖ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ሲያሸማቅቅ ኖረ። አንድ ሕዝብ ጌጡን እየለበሰ የጌጡን ሠሪ ሲሳደብ መኖሩ የሚገርም ነው።

ይህ ንቀት እኛን ሙስሊሞችን በተለይ የሚመለከት ታሪክ አለው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የጎንደሩ አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ በነጋዴዎቹና በሸማኔዎቹ ታወቀ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሙ በአብዛኛው የመሬት ርስት ስላልነበረው የቀረው መተዳደሪያ ንግድና የእጅ ሙያ ነበር። መሬቱን ነፍጎ ወደ ሽመና የገፋው ሥርዓት መልሶ «ሸማኔ» ብሎ ሰደበው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው የሚሳደብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ሙስሊሙን ገበሬ ከሌላው ጋር የመሬት ተጠቃሚ አደረገው። ይሁን እንጂ አዋጅ ከአፍ ላይ ስድብን ያስቀር ይሆናል እንጂ ከልብ ውስጥ ንቀትን ወዲያውኑ አያወጣም። የሸማኔ የልጅ ልጅ የሆንኩት እኔ እንኳ የእጅ ሥራ ዋጋ ሲጠራ መሳቄ ለዚህ ማስረጃ ነው።

በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ የምትገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ለዚህ የተለየ ምሳሌ ናት። በዙምራ ኑሩ መሪነት የተቋቋመችው ይህች ማኅበረሰብ በሃይማኖት ጉዳይ ያላት አቋም ከእኛ የተለየ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን ያላት መሬት ጥቂት ስለሆነ ሽመናን ዋና መተዳደሪያዋ ስታደርግ በሥራው አላፈረችም። እዚያ ሴቷ ትሸምናለች፤ ወንዱም ይፈትላል። ከእኛ የተለየ እምነት ያለው ወገን የያዘውን መልካም ነገር አይቶ መማር የሚያስነውር አይደለም።

አሁን ወደ ቃሉ ጉዳይ ልመለስ። አያቴ በእስቴ አገር ሸማኔ ነበሩ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፉ ይውሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ባለ ጉዳይዋ ፈትሉን በእንዝርቷ ፈትላ ታመጣለች፤ ጋቢ ወይም ነጠላ ይሁን ብላ ታዛለች፤ አያቴ የሚቀበሉት የድካማቸውን ዋጋ ነበር። ሸማው አልቆ ሲሰጥ የተረፈችውን ፈትል፣ ጥቂትም ብትሆን፣ በሸማው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይመልሱ እንደነበር እናቴ ትነግረን ነበር። «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» ሲሏቸው፣ «ለእኔ ምንም አታደርግም፤ የእኔ ስላልሆነች ግን ከእኔ ዘንድ አታድርም» ይሉ ነበር አሉ።

በፊቅህ ሊቃውንት አገላለጽ የአያቴ ሥራ ኢጃራ ነው፤ ዕቃው የአዛዡ፣ ጉልበቱ የሠሪው። የአክስቴ ልጅ ሥራ ግን ጨርቁንም ክሩንም የምታቀርበው እርሷ ራሷ ስለሆነች ኢስቲስናዕ ይባላል፤ ይኸውም ገና ያልተሠራን ነገር በተወሰነ ልክና ዓይነት እንዲሠራ ማዘዝ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለማኅተም የሚሆን የብር ቀለበት ማሠራታቸው፣ እንዲሁም አንዲት ሴት አናጢ በሆነው አገልጋይዋ ሚንበር እንድታሠራላቸው መጠየቃቸው በሐዲስ የተዘገበ ነው። ሊቃውንትም ለዚህ ውል እነዚህን እንደ መረጃ ይጠቅሷቸዋል።

ይሁንና ጉዳዩ ቀላል ሆኖ አላገኙትም። የሌለን ነገር መሸጥ በመሠረቱ የተከለከለ ነውና። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ሰዎች በየዘመኑ ሲሠሩበት የኖሩትንና የሚያስፈልጋቸውን አይተው ኢስቲስናዕን ራሱን የቻለ ውል አድርገው ተቀበሉት። የሌሎቹ መዝሀቦች ሊቃውንት ደግሞ በጥቅሉ ዋጋው አስቀድሞ በሚከፈልበት በሰለም ውል ሥር አዩት። እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ኢስቲስናዕ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ውል መሆኑን ወስኗል፤ የሚሠራው ነገር ዓይነቱ፣ መጠኑና ባሕርዩ እንዲገለጽና የማስረከቢያው ጊዜ እንዲወሰን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ዋጋው በሙሉ ሊዘገይ ወይም በየጊዜው ሊከፈል እንደሚችልም ፈቅዷል።

እንግዲህ «እኔ እኮ ለመዝናናት የምሠራ ነኝ» የሚል ሰው ልክ ወስዶ፣ ቀን ቆርጦ፣ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ይህ ምክንያት አያዋጣውም። ለራሱ ሲሠራ ቢሰለቸው ይተወዋል፤ ቀለሙ ባያምረው ይፈታዋል፤ የሚጠይቀው የለም። ትዕዛዝ ሲቀበል ግን አንዲት ሙሽራ የሠርጓን ቀን በእርሱ እጅ ላይ አሳድራለች። ቀሚሱ ከሠርጉ በኋላ ቢደርስ ከፊቱ ይልቅ ቢያምር ምን ይጠቅማታል? ዐሊይ (ረ.ዐ.) የእጅ ባለ ሙያዎችን በእጃቸው ለሚገኘው የሰው ንብረት ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር በፊቅህ መጻሕፍት ይወሳል። ይህ ባለ ሙያን መጨቆን አልነበረም፤ ሕዝብ ባለ ሙያውን አምኖ ዕቃውን እንዲሰጠው ማድረግ ነበር።

የቀብድም ነገር እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ሰው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ብዙ ወጣት ባለ ሙያዎቻችን ይህን አያውቁም። ቀብድ ለድሃ ሠሪ ትልቅ ጸጋ ነው። ክርና ጨርቅ የሚገዛበት ገንዘብ ለሌለው ሰው ከወለድ ብድር የሚያድነው መነሻ ካፒታል የደንበኛው እምነት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጸጋ የሚሆነው የታዘዘበት ሥራ ላይ ሲውል ብቻ ነው። የዘጠነኛዋን ሙሽራ ቀብድ ለአስቤዛ ማዋል ሳያስፈቅዱ መበደር ነው።

ይህን ሁሉ በሠሪዋ ላይ ጭኖ ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አዛዡስ? እዚህ ላይ የሐነፊ ሊቃውንት ያደረጉት ክርክር የሚያስደንቅ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ አዛዡ የተሠራውን ባየ ጊዜ የመውሰድ ወይም የመተው ምርጫ አለው ብለው ነበር። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን ዕቃው በተነገረው ልክና ዓይነት ከተሠራ ማንም ወደ ኋላ ሊል አይችልም አሉ። ምክንያቱም ሠሪው ንብረቱን በዚያ ሰው ልክ ቆርጦታል፤ ሌላ ገዢም ላይወስደው ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው የዑስማኒያ መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ መጀላ፣ የተከተለው የአቡ ዩሱፍን ሐሳብ ነው። በአንዲት ሴት ቁመት የተቀደደ፣ እርሷ በመረጠችው ቀለም የተጠለፈ ቀሚስ ለማን ይሸጣል? እንግዲህ አዝዞ መጥፋት፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ዋጋ መቁረጥ፣ «ዘመድ አይደለሁምን?» እያሉ በነጻ መጠየቅ የሰው ሐቅ መብላት ነው። ገበያው በማሽን በታተመ የጥልፍ ምስል ተጥለቅልቋል፤ ርካሽ የፈለገ እርሱን ይግዛ። የአንዲት ልጅ የሌሊት እንቅልፍ ያለበትን ሥራ በታተመው ዋጋ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛችን የገዢን ጥያቄም፣ የአለቃን ቃልም «ትዕዛዝ» በሚል አንድ ስም ይጠራል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆን ለማየት ከጋይንት ሩቅ መሄድ አያሻም። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡ አውሮፓውያን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አሠሯቸው። ሰዎቹ ሥራውን እንደማያውቁት ቢናገሩም እምቢ የማለት ነጻነት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1867 ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ንጉሡና ሠራዊታቸው መንገድ እየቆፈሩ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ለወራት እየጎተቱ መቅደላ አደረሱት። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ መቅደላ ላይ ወደቁ፤ ሴባስቶፖልም የጠቀማቸው ነገር አልነበረም። ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። ሥራው ታላቅ ነበር፤ ውዴታ ግን አልነበረበትም። ቁርኣን ንግድን የፈቀደው በመዋደድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ነው። ስለዚህ ትዕዛዝ ተቀባይ «አልችልም»፣ «ጊዜ የለኝም» የማለት መብት አለው። የአክስቴ ልጅ ከስድስተኛዋ ጀምሮ ለአራቱ ሙሽሮች «አልደርስልሽም» ብትል ኖሮ ባላስከፋች ነበር። ለሁሉም እሺ ያለችው ከደግነት ነው፤ ነገር ግን የማይፈጸም እሺታ ከእምቢታ የባሰ ይጎዳል።

ደስታውስ? ለራሷ ስትጠልፍ የነበራት ደስታ የት ገባ? ይህን እኔም ጠይቄያታለሁ። «አንዳንዴ ይጠፋል» አለችኝ ሳትሸሽግ። «የማልወደውን ቀለም ሲያዙኝ እጄ ይከብደኛል። ግን ደግሞ ሙሽራዋ ለብሳ ስትወጣ አያለሁ። ለራሴ ስጠልፍ ያንን አላይም ነበር።» ከዚህ የበለጠ መልስ ከየትኛውም ፈላስፋ አልጠብቅም። በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳን፣ ማሳመር፣ እንደተደነገገ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ለራስ ማሳመር ቀላል ነው፤ ልብ ወደ ወደደው ያዘነብላልና። የሌላውን ምርጫ፣ በሌላው ልክ፣ በሌላው ቀን አሳምሮ መሥራት ግን ነፍስን ይፈትናል። ከሥራው የጎደለ ነገር ቢኖር የሠሪዋ ነጻ ፈቃድ ነው፤ የተጨመረው ደግሞ የሌላ ሰው ሐቅ ነው። በእኔ ሚዛን የተጨመረው ይበልጣል።

በማግሥቱ አክስቴ ቤት የሆነውን ተናግሬ ላብቃ። ልጅቱ ለአራቱም ባለ ትዕዛዞች ስልክ ደውላ እውነቱን ነገረቻቸው። ሁለቱ ጊዜ ሰጧት። የሁለቱን ቀብድ መመለስ ነበረባት፤ ያ ገንዘብ ግን በእጇ አልነበረም። እኔ የእህቴን ቀሚስ ዋጋ፣ ትናንት የሳቅሁበትን ዋጋ፣ ሳልቀንስ በሙሉ ቀድሜ ከፈልኩ። ስጦታ አልነበረም፤ ዕዳዬ ነበር። እርሷም ከዚያው ላይ የሁለቱን ቀብድ መለሰች፤ ለእኔም ቀሚስ አሁን ለክሩ የሚጎድለውን ከቀጣዩ ገቢዋ እንደምትሞላ ፊት ለፊት ነገረችኝና ፈቀድኩላት። ከዚያም አንድ ደብተር አውጥታ ስም፣ ልክ፣ ቀለም፣ የማስረከቢያ ቀን፣ የተከፈለ ቀብድ ብላ አሰመረች። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእህቴን ስም ጻፈች።

አክስቴ ደብተሩን አይተው ፈገግ አሉ። «አባቴ ደብተር አልነበራቸውም፤ የተረፈውን ፈትል ይቋጥሩ ነበር እንጂ። ያው ነው» አሉ።

አላህ በእጃቸው ሠርተው ከሚያድሩት፣ የሌላውንም የእጅ ሥራ ከሚያከብሩት ያድርገን። አሚን።